ገላዬ የኔ አይደለም እንዴ?

 



ከጥቂት ወራት በፊት በአንድ የጁምዓ ቀን በሰፈራችን መስጊድ ውዱእ በማድረግ ላይ ነበርኩ። ከጎኔ ዕድሜው ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት የሚሆን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቀው የሰፈራችን ልጅ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ያጥባል። በግራ ክንዱ ላይ ከእጅ አንጓው አንስቶ እስከ ክርኑ የሚደርስ፣ የዘመኑ ወጣቶች «ታቱ» የሚሉት ንቅሳት አለ። ፊት ለፊቱ የተቀመጡ አንድ አዛውንት አዩትና ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ፣ «ይህን ይዘህ ነው አላህ ፊት የምትቆመው? ይህ ሳይፋቅ ውዱእህም ውዱእ አይደለም፣ ሶላትህም ሶላት አይደለም» አሉት። ልጁ አንዲት ቃል አልመለሰም። እጅጌውን ወደ ታች ለቀቀው፣ ጫማውን አነሣ፣ ወጥቶ ሄደ።

እኔስ? እኔ እግሬን ማጠቤን ቀጠልኩ። አዛውንቱ የተናገሩት ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ግን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩ፣ ብዕር ይዤም ሰውን «ለሐቅ ቁም» እያልኩ የምመክር ሰው ነኝ። ነገር ግን ታላቅን በሰው ፊት ማረም ነውር ሆኖ ታየኝና ዝም አልኩ። ዝምታዬንም አደብ ብዬ ሰየምኩት። ስሙ ሌላ እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው።

ልጁን ከሁለት ሳምንት በኋላ ሻይ ቤት አገኘሁት። ለምን እንደተነቀሰ ጠየቅሁት። ክንዱን ዘርግቶ አሳየኝ። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የሴት ስም ነው፤ ዙሪያውን የተበጠሰ ሰንሰለት ከቦታል። ስሙ የእናቱ ነው። እናቱ እሱ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ለቤት ሠራተኝነት ወደ አንድ የዐረብ አገር ሄደው እዚያው ሞቱ፤ እዚያው ተቀበሩ። መቃብራቸውን አይቶት አያውቅም።

«ጋሼ፣ የምንኖርበት ቤት የኪራይ ነው። የምነዳው ሚኒባስ የሰው ነው። የት እንደምሰለፍ፣ መቼ እንደምነሣ የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። እናቴ እንኳ የት እንደምትቀበር የወሰነው አሠሪዋ ነው። እኔ በዚህች ዓለም የኔ የምለው ይህን ገላ ብቻ ነው። እሱም ላይ የፈለግሁትን ብጽፍ ማንን በደልኩ? ገላዬ የኔ አይደለም እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም። «ሐራም ነው» ማለት ይቀለኝ ነበር፤ እሱ ግን ሐራም መሆኑን እኔ ሳልነግረው ያውቀዋል። የጠየቀው ብይኑን አይደለም፣ ምክንያቱን ነው። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ልመልስለት ያልቻልኩትን ለመመለስ የሚደረግ ሙከራ ነው።

ቆዳ ላይ መጻፍ የትናንት ነገር አይደለም

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ብዙዎቻችን ንቅሳትን ከምዕራባውያን ፊልምና ከእግር ኳስ ተጫዋቾች የተቀዳ አዲስ በሽታ አድርገን እንናገራለን። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በጣሊያንና በኦስትሪያ ድንበር ላይ ባሉት የአልፕስ ተራሮች በበረዶ ውስጥ ተጠብቆ የተገኘው፣ ከ5,000 ዓመታት በፊት የኖረ ሰው ሬሳ ላይ 61 ንቅሳቶች ተቆጥረዋል። የሰው ልጅ በወረቀት ላይ ከመጻፉ በፊት በቆዳው ላይ ጽፏል።

ሩቅ ሳንሄድ፣ የወሎዋ አያቴ አንገቷ በንቅሳት የተከበበ ነበር። ድዷም የተነቀሰ ስለነበር ስትስቅ ጥቁር ሰማያዊ ይታይ ነበር። በልጅነቷ ነቃሽ መጥታ በመርፌ እየወጋች፣ ጥላሸት እያስገባች እንደነቀሰቻት ትነግረን ነበር። ለምን ስንላት ምክንያቷ ብዙ ነው፦ ያምራል፣ ጥርስ ያነጣል፣ እንቅርት ይከላከላል፣ ደግሞም ያልተነቀሰች ልጅ «አንገተ ባዶ» ተብላ ትሰደብ ነበር። ይህች ሴት አምስት ወቅት ሶላቷን አታጓድልም፤ የረመዳን ጾምም አምልጧት አያውቅም። ንቅሳት አለብሽና ሶላትሽ አይቆጠርም ያላት ሰው ግን በዕድሜዬ ሙሉ አልሰማሁም። እንዲያውም ዱዓ አድርጊልን እየተባለች ትለመን ነበር። እንግዲህ በአያቴ አንገት ላይ ያላየነውን ነውር በልጁ ክንድ ላይ ያየነው ለምንድን ነው? ሃይማኖቱ አንድ ነው፤ ንቅሳቱም አንድ ነው። የተለየው ነገር የአያቴ ንቅሳት «ከማኅበረሰቡ ነኝ» ማለቱ፣ የልጁ ንቅሳት ደግሞ «ከማኅበረሰቡ ጋር ጠብ አለኝ» ማለቱ ነው። እኛን ያስቆጣን የመርፌው ቀዳዳ ሳይሆን የመልእክቱ ይዘት ይሆን?

ንቅሳት የእምቢታ ምልክት ሆኖ ያገለገለበትም ጊዜ አለ። የግብፅ ኮፕት ክርስቲያኖች እስከ ዛሬ በእጃቸው አንጓ ላይ መስቀል ይነቀሳሉ። በአገራችን ሰሜናዊ ክፍል ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ እናቶችን ያላየ የለም። በኦቶማን አገዛዝ ሥር ይኖሩ የነበሩ የቦስኒያ ካቶሊክ ሴቶች እጃቸውንና ደረታቸውን በመስቀል ምልክት ይነቀሱ ነበር፤ ሃይማኖታችንን እንዳንነጠቅ ብለው እንደሆነም ይተረካል። ይህን ስጽፍ ገዢዎቹ ሙስሊሞች እንደነበሩ አልዘነጋሁም። ደካማ ወገን ኃይለኛው ሊገፍፈው የማይችለውን ልብስ መፈለጉ ለማንም ቢሆን ሊገባ የሚችል ነገር ነው። በዚህ ረገድ የሰፈራችን ልጅ ብቻውን አይደለም። መሬት፣ ቤትና ሥልጣን የሌለው ሰው ቆዳውን ሰሌዳ ቢያደርግ ቂልነት ነው ብለን ልናጣጥለው አንችልም።

መርፌውን የያዘው ማን ነው?

ይሁን እንጂ የዚሁ ታሪክ ሌላ ገጽ አለ። በሰው ገላ ላይ ምልክት በማድረግ ከደካሞች ይልቅ ኃይለኞች የበረቱ ናቸው። በአትላንቲክ የባሪያ ንግድ ዘመን አፍሪካውያን እንደ ከብት በጋለ ብረት ይተኮሱ ነበር፤ ጠባሳው የባለቤቱ ፊርማ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች በአውሽዊትዝ ካምፕ የእስረኞችን ስም ሰርዘው በክንዳቸው ላይ ቁጥር ነቀሱ። ሁለቱም ድርጊቶች አንድ ዐረፍተ ነገር ይናገራሉ፦ «ይህ ገላ የኔ ነው፣ የፈለግሁትን እጽፍበታለሁ።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ዐረፍተ ነገር ልብ በል። የሰፈራችን ልጅ በሻይ ቤት የተናገረውም ይህንኑ ነው። ልዩነቱ እሱ የተናገረው ስለ ራሱ ገላ መሆኑ ነው። ትልቅ ልዩነት ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ጭቆናን በጨቋኙ ቋንቋ መመከት እስከ የት ያደርሳል?

በዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ የሚያስተምረን የማልኮም ኤክስ ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ቦስተን ከተማ የገባው ወጣቱ ማልኮም እንደ እኩዮቹ ጸጉሩን ለማለስለስ ከእንቁላልና ከድንች ጋር የተደባለቀ አቃጣይ ኬሚካል ራሱ ላይ አስቀባ። ራስ ቅሉን እሳት እንደነካው እየተንገበገበ ቆየ። ታጥቦ በመስተዋት ሲያይ ግን በደስታ ሰከረ። ያን ጊዜ የመሰለው ራሱን የገለጸ፣ ዘመናዊ የሆነ፣ ከተራው ሕዝብ የተለየ መሆኑ ነበር። ከሞተ በኋላ በ1965 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ግን ያችን ቀን ራሱን ያዋረደባት የመጀመሪያዋ ትልቅ እርምጃ አድርጎ ነው የሚያስታውሳት። ለምን? ምክንያቱም ያን ሁሉ ሥቃይ የተቀበለው ጸጉሩ የነጭ ጸጉር እንዲመስልለት ነበር። እጁ የጓደኛው ቢሆንም መዳፉን ያንቀሳቀሰው የሌላ ሰው ሚዛን ነበር። ማልኮም ነጻ የወጣው በገላው ላይ ሌላ ነገር በመጨመር አይደለም፤ ጸጉሩን አላህ እንደፈጠረው በመተው ነው። በ1964 ሐጅ ሲያደርግም እንደ ማንኛውም ሑጃጅ በሁለት ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቆመ። በዚያ ስፍራ ራሱን ለመግለጽ አንዳች ጌጥ አላስፈለገውም። ያየውም ነገር ስለ ዘር የነበረውን አመለካከት ለወጠው።

ሌላም ጥያቄ አለ። በገላ የሚገለጽ እምቢታ ስንት ጊዜ ይቆያል? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የለንደን ሥራ አጥ ወጣቶች በኅብረተሰቡ ላይ ያላቸውን ንቀት ለማሳየት ልብሳቸውን ቀዳደው በመርፌ ቁልፍ አያያዙት፤ ጆሯቸውንና ጉንጫቸውንም በዚያው በሱት። ብዙ ሳይቆይ በ1977 ዛንድራ ሮድስ የተባለችው የልብስ ዲዛይነር የተቀዳደደውን ልብስና የመርፌ ቁልፉን አሳምራ ለሀብታሞች አቀረበችው። የድሃው ቁጣ የባለጸጋው ፋሽን ሆነ። በአገራችንም በኦሞ ሸለቆ የሚኖሩት የሙርሲ ሴቶች በከንፈራቸው የሚያስገቡት ሸክላ በባህላቸው የክብርና የአዋቂነት ምልክት ነው። ባሪያ ፈንጋዮች እንዲሸሿቸው ብለው የጀመሩት እንደሆነ አስጎብኚዎች ቢናገሩም፣ ሕዝቡን ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ተመራማሪዎች ለዚህ አባባል ማስረጃ አላገኙለትም። ዛሬ ጎብኚዎች በፎቶ ሒሳብ እየከፈሉ ሲያነሷቸው፣ የክብር ምልክቱ ለባዕድ ዓይን የሚሸጥ ትርኢት ሆኖ ይታያል። ገበያ ያልዋጠው የእምቢታ ምልክት ከየት ይገኛል?

የኡሙ የዕቁብ ጥያቄ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። እስልምና በዚህ ላይ ምን ይላል?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነቃሽንም ተነቃሽንም መርገማቸው በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገቡ ሐዲሦች የተረጋገጠ ነው። ከእነዚህ ሐዲሦች አንዱን ያስተላለፉት ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ናቸው። ስለ ንቃሽ፣ ስለ ቅንድብ መንጨት፣ ለቁንጅና ሲባል ጥርስ ስለ መሞረድ ሲናገሩ ኡሙ የዕቁብ የተባለች የበኒ አሰድ ሴት ሰማችና ተነሥታ መጣች። ቁርኣንን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፣ ይህን ግን አላገኘሁበትም አለቻቸው። እሳቸውም አልተቆጡም። በትክክል አንብበሽው ቢሆን ታገኚው ነበር ብለው መልእክተኛው የሰጣችሁን ያዙ፣ ከከለከላችሁም ተከልከሉ የሚለውን የሱረቱል ሐሽር 7ኛ አንቀጽ አስታወሷት። ሴትዮዋ ግን በዚህ አላቆመችም፤ የእርስዎ ባለቤትም እኮ ይህን ታደርጋለች አለች። «ግቢና እዪ» ብለው ቤታቸውን ከፈቱላት። ገብታ አየች፤ ምንም አላገኘችም።

ይህ ታሪክ ብይኑን ብቻ ሳይሆን የብይኑን አነጋገርም ያስተምራል። አንዲት ተራ ሴት ታላቁን ሶሓባ በአደባባይ ሞገተች። እሳቸውም ማስረጃ አቀረቡ፤ ጓዳቸውን ለምርመራ ከፈቱ። እኛ ግን በዚያ የጁምዓ ቀን ለልጁ ማስረጃ አላቀረብንለትም፤ ጓዳችንንም አልከፈትንለትም። በሩን ብቻ አሳየነው።

ከብይኑ በስተጀርባ ያለው ምክንያት ምንድን ነው? በሱረቱ አን-ኒሳእ 119ኛ አንቀጽ ላይ ኢብሊስ የሰውን ልጅ ለማሳሳት ከዛተባቸው ነገሮች አንዱ የአላህን ፍጥረት እንዲለውጥ ማዘዝ መሆኑ ተነግሯል። ዑለማዎች ይህን ሲያብራሩ ለውጥን ሁሉ በጅምላ አልከለከሉም። ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ የተባሉ ሶሓባ በጃሂሊያ ዘመን በተደረገ ጦርነት አፍንጫቸው ተቆርጦ ነበር። የብር አፍንጫ አሠርተው ሲሸትባቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በወርቅ እንዲያሠሩ ነገሯቸው። ወርቅ ለወንዶች የተከለከለ ሆኖ ሳለ የተጎዳን አካል ለመመለስ ግን ተፈቀደ። ሂና ይፈቀዳል፣ ግርዛት ሱና ነው፣ ሕክምና ይበረታታል። እንግዲህ ጉዳዩ ገላን መንካትና አለመንካት አይደለም። የተሰበረን መጠገን አንድ ነገር ነው፤ የተሟላውን እንደ ጎደሎ ቆጥሮ መቆራረጥ ሌላ ነው።

አሁን የልጁን ጥያቄ እንመልስ። ገላዬ የኔ አይደለም እንዴ? በእስልምና መልሱ ግልጽ ነው፦ አይደለም፤ አማና ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕድሜ ልኩን ቀን እየጾመ ሌሊት እየሰገደ ራሱን ላደከመው ሶሓባ ገላህ ባንተ ላይ ሐቅ አለው ብለውታል። ባለ ሐቅ የሆነ ነገር ደግሞ ንብረት ሊሆን አይችልም።

«ይህ ታዲያ ለድሃው ሌላ ጌታ መጨመር አይሆንም ወይ?» የሚል ይኖራል። እኔም ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። የደረስኩበት ግን ተቃራኒው ነው። የራሱ ንብረት የሆነውን ሰው ሊሸጠው ይችላል፤ ሲቸግረው ደግሞ ይሸጠዋል። ኩላሊታቸውን ለመሸጥ የሚገደዱ ድሆች ያሉበት ዓለም ነው። ገላ ንብረት ከሆነ ገዢ ይመጣለታል፤ ገዢው ምንጊዜም ከሻጩ የበረታ ነው። አማና ግን አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ አይያዝም። ባለቤቱ አላህ ከሆነ አከራይ፣ አሠሪ፣ ገዢ፣ ነጋዴ ማንም ቢሆን «የኔ ነው» ማለት አይችልም። በመካ ልማድ የቢላል (ረ.ዐ.) ገላ የኡመያ ኢብኑ ኸለፍ ንብረት ነበር። በጠራራ ፀሐይ አሸዋ ላይ አስተኝቶ ቋጥኝ ደረቱ ላይ ሲጭንበት ቢላል ያሉት ገላዬ የኔ ነው አይደለም። «አሐድ፣ አሐድ» ነው ያሉት። በዚያች አንዲት ቃል ገላቸውን ከኡመያ መዝገብ ላይ ሰረዙት። ከዚህ የበለጠ በገላ የተነገረ እምቢታ እኔ አላውቅም።

የራሳችንን ጓዳ እንክፈት

ይሁንና በዚህ ብናቆም ግብዝነት ይሆንብናል። የአላህን ፍጥረት መለወጥ ሐራም ነው ብለን ልጁን ከመስጊድ ያስወጣን ሰዎች፣ በየቤታችን በሴት ልጆቻችን ገላ ላይ ስለሚሠራው ምን ብለናል? በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ኢትዮጵያውያን ሴቶች 65 በመቶ የሚሆኑት ተገርዘዋል። ይህ ጉዳይ የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። ሆኖም «ፊርዓውናዊ» የሚባለው ቆርጦ የመስፋት ዓይነት በብዛት የሚገኘው ሙስሊም በሆኑት የሶማሌና የአፋር ወገኖቻችን ዘንድ ነው። ስሙ ራሱ የነቢይ ሳይሆን የፊርዓውን ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 ይከለክለዋል፤ ብዙ ዑለማዎችም አውግዘውታል። ልጁ ክንዱን የተነቀሰው ወዶ ነው። ሕፃኗ ግን አልተጠየቀችም። ከሁለቱ የቱ ነው የአላህን አማና አብልጦ የደፈረው? በመስጊድ በር ላይ ድምፃችንን ከፍ ያደረግነው ለየትኛው ነው?

ፊታቸውን በሚያነጣ ቅባት ስለሚልጡት እህቶቻችንስ? የዓለም ጤና ድርጅት ከእነዚህ ቅባቶች ውስጥ ሜርኩሪ ያለባቸው ኩላሊት እንደሚጎዱ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። አላህ የሰጣትን የቆዳ ቀለም በገንዘቧ የምታጥብ እህት ከወጣቱ ማልኮም ጋር አንድ መስተዋት ፊት ቆማለች። ጠይም ሙሽራ አንፈልግም እያልን መስተዋቱን ያቆምንላት ግን እኛው ነን።

ሌላኛው ወገንም ከትችት አያመልጥም። ንቅሳት ራስን የመግለጽ መብት ነው የሚሉት አገሮች፣ አንዲት ሙስሊም ተማሪ ጸጉሯን ስትሸፍን መብቱ ይጠፋባቸዋል። ፈረንሳይ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ሂጃብን ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስወጣች። በአገራችንም በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሙስሊም ተማሪዎች በሂጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ገበታ ታግደው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ሂጃብና ንቅሳት በሸሪዓ ሚዛን አንድ አይደሉም። ነገር ግን ሂጃብ አንድ ነገር ያስተምረናል። ንቅሳት አንድ ቀን ይወሰናል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ሐሳቡን ቢለውጥም ቆዳው አይለውጥም። ሂጃብ ግን በየማለዳው በአዲስ ኒያ ይለበሳል። ልታወልቀው እየቻለች፣ አውልቂው እየተባለች በየቀኑ የምታጠልቀው እህት በየቀኑ እንደገና ትመርጣለች። በቆዳ ውስጥ ከተቀበረ ቀለም ይልቅ በልብ ውስጥ የሚታደስ ውሳኔ የጠነከረ እምቢታ ነው ብዬ አምናለሁ።

የአስማእ እጆች

የአዛውንቱ ቃል ከየትም የመጣ አይደለም። በኛ አገር በሰፊው በሚሠራበት የሻፊዒያ መዝሀብ የተነቀሰ ቦታ ደም ስለሚቋጥር ነጃሳ ነው የሚል አቋም አለ። ነገር ግን ይህንኑ አቋም የጻፉት ኢማም ነወዊ ማስወገዱ አካልን ለጉዳት የሚዳርግ ከሆነ ግዴታ እንደማይሆን፣ ተውበት ካደረገም ኃጢአት እንደማይኖርበት አብረው ጽፈዋል። ቀለሙ ከቆዳ ሥር ስለሆነ ውሃ ከቆዳው ጋር እንዳይገናኝ አያግድም፤ ውዱእን አያበላሽም። ግማሹን ይዘን ግማሹን ስንጥል ነው ሰው የሚወጣብን።

በመጽሐፍ የተዘገበ አንድ ነገር ላንሣ። ቀይስ ኢብኑ አቢ ሓዚም የተባሉ ታቢዒ አቡበከር (ረ.ዐ.) በታመሙ ጊዜ ሊጠይቋቸው ገብተው ነበር። እጆቿ የተነቀሱ አንዲት ሴት ከራስጌያቸው ሆና ዝንብ እየተከላከለችላቸው አዩ። ያቺ ሴት ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ነበሩ። ዑለማዎች እንዳብራሩት ንቅሳቱ ከእስልምና በፊት የነበረ ነው። አስማእ ማን ናቸው? ከመጀመሪያው ባላቸው ከጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ጋር ወደዚህች ወደ ሐበሻ ምድር ከተሰደዱት አንዷ ናቸው። ያ የተነቀሰ እጅ የኛን አገር ውሃ ጠጥቶበታል። የመልእክተኛውን (ሰ.ዐ.ወ.) የቅርብ ጓደኛ በሞት አልጋው ላይ ያስታመመው ያ እጅ ነው። ማንም አስማእን ከሶፍ አላስወጣቸውም።

ይህን ይዤ በመጀመሪያ ወደ አዛውንቱ ሄድኩ። በክብር፣ ለብቻቸው ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና፣ «እናቴም አንገቷ ላይ ነበራት» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም።

ቀጥሎ ልጁን ፈለግሁት። የጻፍኩትን ሁሉ ዘርዝሬ አልነገርኩትም። ስለ አማና፣ ስለ ቢላል፣ ስለ አስማእ ነገርኩት። «ላስፋቀው ወይ?» አለኝ። በሌዘር ማስፋቅ የሐኪም ምክር የሚጠይቅ ነገር እንደሆነ፣ ጉዳት ካለው ተውበት እንደሚበቃው አስረዳሁት። «በማድረጌ እጸጸት ይሆናል፤ የእናቴን ስም ግን እንዴት ብዬ እጸጸትበታለሁ?» አለኝ። ስሟን እንዲጠላ ማንም እንዳላዘዘው ነገርኩት። የሰው ልጅ ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፤ ከማይቋረጡት ሦስት ነገሮች አንዱ ዱዓ የሚያደርግለት ደግ ልጅ ነው። ክንዱ ላይ ያለው ስም እሱ ሲቀበር አብሮ አፈር ይሆናል። በሱጁድ የሚጠራው ስም ግን እሱ አይቶት ወደማያውቀው መቃብር ይደርሳል። ይህን ስለው ክንዱን በሌላው እጁ ሸፈነና ወደ መንገዱ ተመለከተ። መስጊድ መመለሱን ወይም አለመመለሱን አልጽፍም፤ ያ በእሱና በጌታው መካከል ነው። የኔ ድርሻ በሩ ክፍት መሆኑን እንዲያውቅ ማድረግ ነበር፤ እሱንም የሠራሁት ዘግይቼ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በሱረቱ ፉሲለት እንደተነገረው በፍርድ ቀን የሰው ቆዳ በባለቤቱ ላይ ይመሰክራል። እንግዲህ የተነቀሰም ያልተነቀሰም ቆዳ ሁሉ ተጽፎበታል፤ የሚነበብበት ቀን ብቻ ነው የቀረው። የልጁ ክንድ በዚያን ቀን ስለ መርፌው ይናገር ይሆናል፤ ስለ እናቱ ናፍቆትም ይናገራል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ያ አይደለም። አንድ ወጣት አንገቱን ደፍቶ ከአላህ ቤት ሲወጣ በውሃ ሲታጠብ የነበረው የኔው እግር ነው። ንቅሳት የለበትም፣ ንጹሕ ነው። ሲጠየቅ ግን ለምን ተነሥቶ እንዳልተከተለው ይናገራል።

ወላሁ አዕለም።